‹‹ሶርሲዬ›› ማን ነው? ጠንቋይን ከወሊ፣ አስማትን ከመተት የሚለዩ ቃላት

አንድ ፈረንሳዊ ጎብኚ የባሌን ተራሮች ለማየት ጎባ ገባ እንበል። ሳነቴን አይቶ ሲያበቃ በሮቤ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻና ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ሲወርድ መጠየቁ አይቀርም። ‹‹ሼክ ሁሴን ማን ናቸው? ‹ቃሉ› የምትሉትስ?›› (‹ሉ› ጠብቆ ይነበባል።) ፈረንሳይኛ ያጠረው አስጎብኚ ቶሎ የምትመጣለት ‹‹ሶርሲዬ›› የምትለዋ ቃል ናት፤ ጠንቋይ ማለት ነው። በዚህች አንዲት ቃል አንድ የተከበሩ ወሊና አንድ ጥንታዊ የሃይማኖት ሥልጣን ከመተተኛ ጎን ተሰለፉ።

ፈረንሳይኛ ግን በዚህ ጉዳይ የቃላት ድሃ አይደለም። ጠቅላላው መጠሪያ ‹‹ማዢ›› ነው። ምንጩ የጥንት ፋርስ ጠቢባን ስም ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ሰብአ ሰገልን ዛሬም ‹‹ርዋ ማዥ›› ይሏቸዋል። የእኛ ‹‹ሰገል››ም በግዕዝ ጥንቆላን ያመለክታል። ‹‹ማዢሲያን›› መድረክ ላይ ከባርኔጣ ጥንቸል የሚያወጣውንም ይጨምራል። ለ‹‹ማዢ›› ቅርቡ የእኛ ቃል ‹‹አስማት›› ነው፤ በግዕዝ ‹‹ስሞች›› ማለት ሲሆን፣ ኃይል አላቸው የሚባሉ ስሞችን ከመጥራት የመጣ ነው።

‹‹ሶርሴልሪ›› ጠቆር ይላል። ዕጣ ከሚል የላቲን ቃል ቢወጣም፣ ዛሬ በሰው ላይ ክፉ መላክን፣ ከክፉ መንፈስ ጋር መዋዋልን ያስታውሳል። ‹‹ሶርሲዬ›› የዚህ ሥራ ባለቤት ነው። በአውሮፓ ይህ ስም የወጣላቸው ብዙዎች በእሳት ተቃጥለዋል። በፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1682 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዋጅ ነገሩ እንደ ማታለል መታየት ጀመረ። ስለዚህ ስሙ ቀላል አይደለም።

‹‹ማሌፊስ›› በቀጥታ ‹‹ክፉ ሥራ›› ማለት በመሆኑ መተታችን ነው። ‹‹አንሻንትማን›› ከመዝፈን፣ ‹‹ሻርም›› ደግሞ ዜማ ከሚል የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። የእኛም ‹‹ድግምት›› ‹‹ደገመ›› ከሚለው የመጣ ነው። በሁለቱም አገር ኃይሉ ያለው ተደጋግሞ በሚባለው ቃል ውስጥ ነው ተብሎ ይታሰባል። የሚመጣውን የሚናገረው ‹‹ድቫን››፣ የሚፈውሰው ደግሞ ‹‹ጌሪሰር›› ይባላል። ሁለቱንም ‹‹ሶርሲዬ›› ማለት ሟርተኛንና የባህል ሐኪምን ከመተተኛ ጋር መደባለቅ ነው። በርግጥ እኛም አንድ ቃል አለን፤ ‹‹መድኃኒት ሰጠው›› ስንል ፈውስ፣ ‹‹መድኃኒት አደረገበት›› ስንል ግን ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ባሌ እንመለስ። ‹‹ቃሉ›› በኦሮሞ ባህል በዘር የሚወረስ መንፈሳዊ ሥልጣን ነው፤ ይመርቃል፣ ያስታርቃል። እስልምና ከመስፋፋቱ በፊት አባ ሙዳ የሚባለውን ታላቅ ቃሉ ለመሳለም ጂላ የሚባሉ ተጓዦች ከሩቅ የኦሮሞ አገር ወደ ባሌ ይመጡ ነበር። ይህንን ‹‹ሶርሲዬ›› ማለት ጳጳስን ጠንቋይ እንደማለት ነው። ከዚሁ ስም ጋር የሚዛመደው ‹‹ቃልቻ›› በአማርኛ የማንቋሸሻ ቃል ሆኖ ቀርቷል። ለሼክ ሁሴን ደግሞ ትክክለኛው ቃል ‹‹ሴን›› (ቅዱስ) ነው፤ ከራማቸውም ‹‹ሚራክል›› እንጂ ‹‹ማዢ›› አይደለም። ‹‹ማራቡ›› ማለትም አያዋጣም። በምዕራብ አፍሪካ ለሙስሊም መምህር የወጣው ይህ ስም በፓሪስ አታላይ ጠንቋይ ወደሚል ወርዷል። ‹‹ቃልቻ›› የደረሰበት ዕጣ ማለት ነው።

‹‹ቡዳ›› ከሁሉም ይለያል። ቡዳ የተባለ ሰው ድግምት አይደግምም፣ ሥር አይቆፍርም፤ አብሮት የተወለደ ነው ይባላል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 እ.ኤ.አ. በአዛንዴ ሕዝብ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የለየው ይህንኑ ነው፤ የሚማሩት ክፉ ሥራ አለ፣ አብሮ ተወለደ የሚባል ደግሞ አለ። ፈረንሳይኛ ሁለቱንም ‹‹ሶርሴልሪ›› ብሎ ያልፋል። ልዩነቱ ለእኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። መተተኛ የተባለ ሰው ቢያንስ ‹‹አላደረግሁም›› ሊል ይችላል፤ ቡዳ የተባለ ባለ እጅ፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ግን በትውልዱ የተወነጀለ ስለሆነ ማስተባበያ የለውም። ከጋብቻና ከማዕድ የተገለሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ አስጎብኚው ምን ያድርግ? መንገዱን ራሳቸው ፈረንሳዮች አሳይተዋል። ማርሴል ግሪዮል በ1930 እ.ኤ.አ. የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያሳትም ‹‹ደብተራ›› የሚለውን ስም እንዳለ ነው የተወው። ሚሼል ሌሪስም በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ጎንደር ዛር ሲጽፍ ‹‹ዛር››ን ዛር ብሎ፣ ሁኔታውን ደግሞ በመንፈስ መያዝ (‹‹ፖሴስዮን››) ብሎ ነው የገለጸው። ‹‹ቃሉ››ም ቃሉ ይባል፤ ከዚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይብራራ። ‹‹ሶርሲዬ›› የምትለዋን ቃል አስጎብኚው ለመተተኛ ቢያስቀራት ይሻላል።