ዕዳን በትርፍ ሰዓት ሥራ ስለ መክፈል

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከተማይቱ በቀን ሁለት ጊዜ ትነቃለች። በማለዳ የተከፈቱት መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ይዘጋሉ። በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መንገዱ ጭር ይላል። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ግን ሱቆች እንደገና ይከፈታሉ፤ ገበያውም እስከ ምሽት ድረስ ይደምቃል።

ይህ ሁለተኛው የሥራ ሰዓት በዚህች ከተማ ለምንኖር ለብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን የዕዳ መክፈያ ሰዓት ነው። ቀን በሰው ቤት ስታገለግል የዋለችው ማታ እንጀራ ትጋግራለች። ቀን በወደብ ወይም በጋራዥ የዋለው ማታ የጓደኞቹን ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። መምህሩም ደብተር አርሞ ሲጨርስ ልጆች ያስጠናል። ይሁን እንጂ እንዲህ እየደከሙ ዓመት ቆይተው ዕዳቸው ካለበት ፈቀቅ ያላለ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለምን? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ጥያቄ ነው።

ስለ ዕዳ በግልጽ መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። በመሆኑም ባለዕዳው ብቻውን ይጨነቃል፤ ብቻውንም ይሳሳታል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ባለዕዳውንና አበዳሪውን በአንድ ሰንሰለት ማሰር የተለመደ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል። ነገር ግን የዕዳውን ሂሳብ የማያውቅ ሰው ሳይታሰር ቁራኛ ነው።

ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በመካከላችን የሚታየውን ዕዳ በሦስት ልንከፍለው እንችላለን። የመጀመሪያው የቤተ ዘመድ ብድር ነው። ለመንገድ፣ ለሕክምና ወይም ለሰርግ የተወሰደ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወለድ የለውም። ሁለተኛው የሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። በደብተር ይጻፋል፤ ወለድ ባይጠየቅበትም ባለሱቁ ዋጋ ጨምሮ ሊጽፍ ይችላል፤ ተበዳሪውም ርካሽ ሱቅ ፈልጎ የመግዛት ነፃነቱን ያጣል። ሦስተኛው አራጣ ነው።

አራጣ ማለት ከልክ ያለፈ ወለድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። አራጣ ማበደርም በአገራችን በወንጀል ያስቀጣል። በድብቅ የሚያበድር ሰው በወር ከመቶ 10 ሲጠይቅ ተበዳሪው «አሥር ብቻ ነው» ብሎ ይስማማል። ወሩን በ12 ብናባዛው ግን በዓመት ከመቶ 120 ይሆናል፤ ይኸውም ሕጉ ከፈቀደው አሥር እጥፍ ነው።

የእኛው ታሪክ

ከዓመታት በፊት ይህ በእኛ በራሳችን ላይ ደርሷል። ለአባታችን ሕክምና በአስቸኳይ ገንዘብ አስፈልጎን ከአንድ አበዳሪ 200,000 የጅቡቲ ፍራንክ በወር ከመቶ 10 ወሰድን። ከደመወዛችን በየወሩ 20,000 ፍራንክ እየቀነስን ሳናስታጉል ከፈልን። በዓመቱ መጨረሻ ስንደምረው 240,000 ፍራንክ ከፍለናል። አበዳሪው ግን ደብተሩን ገልጦ «ዋናው 200,000 ነው፤ እንዳለ አለ» አለን። አልዋሸም። የአንድ ወር ወለድ 20,000 ስለ ሆነ የከፈልነው ሁሉ ወለድ ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ሥራ ጀመርን። በሳምንት አራት ምሽት የጎረቤት ልጆችን ሂሳብና አማርኛ ማስጠናት ነበር። ሦስት ወር ሠራን፤ ዕዳው አሁንም አልነቀነቀም። ገንዘቡ የት ገባ? ተቀምጠን ስናሰላው፣ ደክሞናል እያልን በእግር እንሄድበት የነበረውን መንገድ በታክሲ መሄድ ጀምረናል። ማታ ምግብ የምንሠራበት ጊዜ ስለሌለን ከውጭ ገዝተን እንበላለን። «አሁን እኮ ገቢ አለ» በማለትም በሱቁ ደብተር ላይ ቀድሞ የማንገዛውን እናስጽፋለን። የተጨመረው ገቢ አዲስ ወጪ ወልዶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለወጥን። የማስጠናቱ ገንዘብ እጃችን በገባበት ምሽት፣ ከደመወዙ ሳይቀላቀል፣ በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው የሚከፈተው አበዳሪው ዘንድ በምንሄድበት ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳችን መቀነስ የጀመረው ከዚያ ወር አንስቶ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ከደመወዝ 20,000፣ ከትርፍ ሥራ 10,000፣ በድምሩ በወር 30,000 ፍራንክ እንክፈል እንበል። በመጀመሪያው ወር 20,000 ለወለድ ይሄዳል፤ 10,000 ከዋናው ይቀንሳል፤ ዕዳው 190,000 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 19,000 ስለሚሆን 11,000 ከዋናው ይቀነሳል፤ 179,000 ይቀራል። በሦስተኛው ወር ወለዱ 17,900 ነው፤ 12,100 ተቀንሶ 166,900 ይቀራል። እንዲህ እያለ በየወሩ ወለዱ ሲያንስ ከዋናው የሚቀነሰው ይበዛል። ዕዳው በ12ኛው ወር ያልቃል፤ በጠቅላላው የሚከፈለው 346,157 ፍራንክ ነው።

ትርፍ ሥራው በወር 10,000 ሳይሆን 20,000 ቢያስገኝና 40,000 ቢከፈል ደግሞ ዕዳው በ8ኛው ወር ያልቃል፤ ድምሩም 291,282 ፍራንክ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ያለ ትርፍ ገቢው የሚከፈለው 20,000 አንድ ሳንቲም እንኳ ከዋናው አይቀንስም፤ ዋናውን የሚበላው ትርፍ ገቢው ነው። ስለዚህ ለታክሲ የወጣ 1,000 ፍራንክ ከደመወዝ የወጣ ሳይሆን ከነፃነት ቀን የተቀነሰ ነው።

ገቢና ትርፍ

ብዙ ሰው በትርፍ ሥራው የሸጠውን ሁሉ እንደ ትርፍ ይቆጥራል። በጅቡቲ እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እናት በወር 25,000 ፍራንክ ሰበሰበች እንበል። የጤፉ ዱቄት ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፤ ዋጋው ከነመጓጓዣው ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር ኃይል ቢመጣም የመብራት ክፍያ በዚህች ከተማ ቀላል አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ብዙ ይበላል። ዱቄቱ፣ መብራቱ፣ ላስቲኩና መጓጓዣው 15,000 ከፈጁ ለዕዳው የሚተርፈው 10,000 ብቻ ነው። ይህንን ያላሰላ ሰው ለአበዳሪው 25,000 ቃል ይገባና በሦስተኛው ሳምንት ዱቄት መግዣ አጥቶ እንደገና ይበደራል።

ምን ዓይነት ሥራ ይሻላል? መነሻ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አስቀድመን በምናውቀው ሙያ ላይ የቆመ ሥራ ይመረጣል። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ በከተማይቱ ብዙ ሾፌሮች፣ ትራንዚተሮችና ነጋዴዎች ይመላለሳሉ። ፈረንሳይኛና አማርኛ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ደብዳቤና ፎርም በመተርጎም ሊጠቀም ይችላል። ልብስ ስፌት፣ ጸጉር ሥራ፣ ምግብ ማዘጋጀትም አለ። ነገር ግን የውጭ አገር ሰው የሆነ ሁሉ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱ ምን እንደሚፈቅድለት፣ ለንግዱም ምን ግብር እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይጠይቅ። የአንድ ቀን ቅጣት የብዙ ወር ትርፍ ሊወስድ ይችላልና።

ለመምህራን አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በክፍላችን የምናስተምረውን ተማሪ ገንዘብ ተቀብለን ማታ ማስጠናት አይገባም። ቀን ያጎደልነውን ማታ የምንሸጥ እንመስላለን፤ ከፋይ ያጣው ልጅም ይበደላል። እኛ ያስጠናነው የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችን ነበር። እንቅልፍ ማጣትም ወጪ ነው፤ ደክሞት ክፍል የሚገባ መምህር ዕዳውን ለተማሪዎቹ እያካፈለ ነው።

እቁብ መቼ ይጠቅማል?

እቁብ ወለድ የሌለው ገንዘብ በመሆኑ የአራጣ መድኃኒት ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በተራው ነው። እኛ በወር 10,000 የሚጣልበት፣ አሥር አባላት ያሉት እቁብ ገባን። ከደመወዝ የሚወጣው 20,000 ለወለዱ፣ የጣሳው 10,000 ለእቁቡ ሆነ። አባላቱ ችግራችንን ሰምተው፣ ዋስም ጠርተን፣ በሦስተኛው ወር 100,000 ፍራንክ ሰጡን። ያንኑ ቀን ከዋናው ግማሹን ከፈልን፤ የወሩ ወለድ ከ20,000 ወደ 10,000 ወረደ። ከዚያ ወዲያ በደመወዙ 20,000 ብቻ ዕዳው በ11ኛው ወር አለቀ። እቁቡን ጨምሮ ከኪሳችን የወጣው 305,641 ፍራንክ ነው።

ዕጣው በመጨረሻው በአሥረኛው ወር ወጥቶልን ቢሆን ኖሮስ? አሥር ወር ሙሉ ወለድ ብቻ ስንከፍል ቆይተን፣ ዕዳው የሚያልቀው በ15ኛው ወር፣ ድምሩም 427,898 ፍራንክ ይሆን ነበር። ይህ ያለ እቁብ ከሚከፈለው ከ346,157 ይበልጣል። ስለዚህ አራጣ ያለበት ሰው ቀደም ያለ ተራ እንደሚሰጠው ሳያረጋግጥ እቁብ አይግባ። ደግሞም «ዋናውን በአንድ ጊዜ ካልሆነ አልቀበልም» የሚል አበዳሪ አለና፣ ከፍሎ መቀነስ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በከፈለ ቁጥርም የጽሑፍ ደረሰኝ ይቀበል።

በብር ተበድሮ በፍራንክ መክፈል

ወደ ጅቡቲ የመጣ ብዙ ሰው ዕዳው በብር፣ ገቢው በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። የብር ዋጋ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ሂሳቡን እንሥራ። 100,000 ብር ዕዳ በ57 ሂሳብ 311,800 ፍራንክ ገደማ ነው፤ በ100 ሂሳብ ግን 177,721 ፍራንክ። ባለዕዳው ምንም ሳይሠራ ሸክሙ ቀለለ። በአንጻሩ ደመወዙን በብር እየተቀበለ የዶላር ወይም የፍራንክ ዕዳ ያለበት ሰው ሸክሙ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ ሕሊና የሚጠየቅበት ነገር አለ። በሬውን ሸጦ ለመንገድ ያበደረን አጎት 100,000 ብር ቢመለስለት ቁጥሩ ሞልቷል፤ ያ ገንዘብ ግን ዛሬ ያንኑ በሬ አይገዛለትም። ሕጉ ባያስገድደንም፣ በምንዛሪው ካገኘነው ጥቂት ጨምረን ብንመልስ፣ ወይም ቢያንስ እሱን ቀድመን ብንከፍል መልካም ነው። በሂሳብ ረገድ ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ አራጣው ይዘጋ፤ ቀጥሎ የሱቁ ዱቤ፤ ከዚያም ወለድ የሌለው። ለዘመድ ግን ዝም አይባልም፤ መቼ እንደምንደርስለት በስልክ ይነገረው። ዝምታ ከገንዘቡ ይልቅ ያስቀይማልና።

መደምደሚያ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ዕዳ ግን እርሱም ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከእርሱ የፈጠነ እርምጃ ያስፈልጋል። ትርፍ ሥራ ብቻውን ከዕዳ አያወጣም። የሚያወጣው ወጪው ተቀንሶ የቀረው ትርፍ፣ ከደመወዝ ሳይቀላቀል፣ ከዋናው ላይ ሲያርፍ ነው። እኛ በመጨረሻው ወር 5,641 ፍራንክ ይዘን ሄድን። አበዳሪው ደብተሩ ላይ ስማችንን ሰርዞ በጽሑፍ ደረሰኝ ሰጠን። ጣሳው ዛሬም አለ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብ ይጠራቀምበታል።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ከላይ የተጠቀሰው የ200,000 ፍራንክ ዕዳ በወር 25,000 ቢከፈል በስንተኛው ወር ያልቃል? በሠንጠረዥ እየሠራችሁ አሳዩ። (መልስ፦ በ17ኛው ወር፤ ድምሩ 422,276 ፍራንክ)
2. ወለዱ በዓመት ከመቶ 12፣ ማለትም በወር ከመቶ 1 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ወር ወለድ ስንት ነው? ከ20,000 ውስጥ ስንቱ ከዋናው ይቀነሳል?
3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚሠራ አንድ የትርፍ ሰዓት ሥራ መርጣችሁ ገቢውን፣ ወጪውንና ትርፉን ለይታችሁ ጻፉ።