ከግድግዳው ወዲያ ያለው እንግዳ

ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሲመሽበት በየበሩ «አልጋ አለ?» እያለ ያልዞረ በመካከላችን ጥቂት ነው። ለመሆኑ በአልጋ ቤት ውስጥ አንዱ እንግዳ ለሌላው ምኑ ነው?

በአገር ቤት ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ እግሩን ያሳጥበዋል፣ ያለውን ያቀርብለታል፣ መደብ ያነጥፍለታል። እንግዳውም በፈንታው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። እዚያ «የግሌ» የሚባል ነገር የለም። አልጋ ቤት ግን ይህን ሁሉ በመዝገብና በቁልፍ ተክቶታል። መታወቂያ ይታያል፣ ስም ይጻፋል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ አለቀ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለሆቴሉና እንግዳው የሚተዳደሩበትን ውል ደንግጓል። ጎን ለጎን ያደሩ እንግዶች እርስ በርሳቸው የሚተዳደሩት ግን በይሉኝታ ነው።

ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሙ ራሱ የቤት ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣሊያ ወራሪ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራ ድርጅት ነበረው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም ምሕጻር ነው። «አልቤርጎ»ም ከዚያው ቋንቋ የቀረ ቃል ነው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ በኋላ የአህጉሩ ልዑካን በአካባቢው ትልልቅ ሆቴሎች ያርፉ ጀመር። የክፍለ ሀገሩ መንገደኛ ደግሞ ከኋላ፣ ከቡና ቤቶቹ ጎን፣ በትንንሾቹ አልጋ ቤቶች ያድር ነበር። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። ያደርንባቸው ግቢዎች ዛሬ የሉም፤ አዳሩ ግን በየከተማው ያው ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ አልጋ ሥር ነጠላ ጫማና ፖፖ። ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው። የጎረቤት ሳል እንደ ራስ ሳል ይሰማል። እንግዲህ ጆሮን መዝጋት አይቻል፤ አፍን መዝጋት ግን ይቻላል። ቧንቧ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» ማለት ግድ ነው። «ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» ማለት ግን ከሰላምታ አይቆጠርም።

በተለይ ስለ እህቶቻችን እንናገር። አንዲት እጩ መምህርት አውቶቡስ አምሽቶባት ብቻዋን አልጋ ብትይዝ፣ እሷ ገና ከአዲስ አበባ ሳትመለስ ወሬው ተቋማችን በር ላይ ይደርሳል። ማን አመጣው? እዚያው ግቢ ያደረ የክፍል ጓደኛዋ ነዋ! እሱም እኮ ብቻውን ነበር ያደረው፤ ስለ እሱ ግን የጠየቀ የለም። ይህ ጋዜጣ ከግድግዳ ላይ የሚነበበው ሊነበብ ስለተጻፈ ነው። ከአልጋ ቤት ግድግዳ የተሰማው ግን ለማንም አልተጻፈም።

ታዲያ ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት ነው? እኛም ተቸግረንበታል። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ሁለት ሆነን ካዛንቺስ ስናድር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አንድ ሰው አፉን በጋቢ አፍኖ ሲያለቅስ ሰማን። በአገራችን ለቅሶ ሰምቶ መተኛት ነውር ነው። በአልጋ ቤት ደግሞ መስማቱ ራሱ ነውር ነው። በሩን እናንኳኳ፣ አናንኳኳ ስንል ነጋ።

ጠዋት ቧንቧው ዘንድ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ይታጠባሉ። «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» አልን። «እግዜር ይመስገን» አሉ። ሌላ አልጠየቅንም፤ ሻይ እንጠጣ ብለን ብቻ ይዘናቸው ወጣን። ሻዩ ሲጋመስ ራሳቸው ነገሩን። ለሕክምና ያመጧት ባለቤታቸው ትናንት አርፋለች። አስከሬኑን አገር ቤት የሚያደርስ መኪና አላገኙም።

«ሌሊት አስቸገርኳችሁ መሰለኝ» አሉ።

«ኧረ የለም አባባ፣ እንቅልፍ ጥሎን ነበር» አልን። ሂሳቡን ከፍለን መኪና ፍለጋ አብረን ወጣን።