የሲሊንደር መስኮቶች፦ የባለ ሁለት ምት ሞተር ጠባይ የሚወሰንበት ቦታ

ባለ አራት ምት ሞተር ቫልቭ አለው፤ ቫልቩን የሚገፋ ካም ሻፍት አለው፤ ካም ሻፍቱን የሚያዞር ሰንሰለት ወይም ጥርስ አለው። ባለ ሁለት ምት የሞተር ሳይክል ሞተር ይህ ሁሉ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉ መስኮቶች አሉት፤ ፒስተኑ ሲወርድ ይገልጣቸዋል፣ ሲወጣ ይሸፍናቸዋል። የመስኮቱ የላይ ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ ሞተሩ የሚተነፍስበት ሰዓት ተለወጠ ማለት ነው። አሮጌ ያማሃ፣ ጃዋ ወይም ቬስፓ የሚያድስ ሰው ከካርቡራቶሩና ከካንዴላው አልፎ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መመልከት ያለበት ለዚህ ነው።

መስኮቶቹ በሥራቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። የተቃጠለውን ጋዝ የሚያስወጣው የጭስ መስኮት ከሁሉም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ፒስተኑ ሲወርድ ቀድሞ ይከፈታል። ጥቂት ዲግሪዎች ቆይቶ አሻጋሪዎቹ መስኮቶች ይከፈታሉ፤ በእነሱ በኩል በሞተሩ ሆድ፣ በካርተሩ ውስጥ ታምቆ የቆየው አዲስ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ማስገቢያው ነው፤ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ሲወጣ በታችኛው ጠርዙ ይከፍተውና ካርተሩ ከካርቡራቶር ይስባል። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር፣ በ190 ዲግሪ ዙር ክፍት የሚሆን የጭስ መስኮት የሚያገኘው ጊዜ 3.5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 130 ዲግሪ የተሰጣቸው አሻጋሪዎች ደግሞ 2.4 ሚሊሰከንድ ብቻ አላቸው። አሮጌው ጭስ ወጥቶ አዲሱ ድብልቅ መግባት ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው።

የዚህ አሠራር መነሻ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ ነው፤ ካርተሩን እንደ ፓምፕ የሚጠቀም ሞተሩን በ1891 አወጣ። ማስገቢያውን በፒስተኑ ጠርዝ መክፈትን በ1892 የጨመረው ደግሞ ከእርሱ ጋር ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ኮክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች አዲሱን ድብልቅ ወደ ላይ የሚመልስ ጉብታ በፒስተኑ አናት ላይ ነበራቸው፤ ጉብታው ግን ፒስተኑን ያከብደውና ያግለው ነበር። በ1925 ጀርመናዊው አዶልፍ ሽኑርለ አሻጋሪዎቹን በግራና በቀኝ አድርጎ፣ ጅረታቸው ከጭስ መስኮቱ ተቃራኒ ወዳለው ግድግዳ እንዲያመራ አዞራቸው። ጅረቶቹ እዚያ ተገናኝተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አሮጌውንም ጭስ እየገፉ ይመለሳሉ። ፒስተኑ ጠፍጣፋ ሆነ። ይህን ዘዴ የተጠቀመው የጀርመኑ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ዲካቬ በ1939 ያወጣው አርቴ 125 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ቢኤስኤ ባንታም፣ በአሜሪካ የሃርሊ ዴቪድሰን 125፣ በጃፓን የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ዋይኤ 1 እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል።

ዲካቬ በነበረበት በምሥራቅ ጀርመኗ ቾፓው ከተማ፣ ኤምዜድ በተባለው ፋብሪካ፣ ቫልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ያጠና ነበር። ከመስኮቱ የሚወጣው የግፊት ሞገድ በሚሰፋና መልሶ በሚጠብ ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ይመለሳል፤ በትክክለኛው ሰዓት ከተመለሰ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። በ1961 የኤምዜድ 125 ሲሲ የውድድር ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ በሊትር 200 ማለት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኧርንስት ዴግነር ከስዊድን ውድድር በኋላ ወደ ምዕራብ ኮበለለ፣ ዕውቀቱንም ይዞ ሱዙኪ ገባ። በ1962 ሱዙኪ በእርሱ ጋላቢነት የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ካደን በድህነት ሠርቶ ያገኘውን ዓለም በአንድ ጀንበር ወሰደው፤ ስሙ ግን ከሱዙኪና ከያማሃ ዝና ጋር አብሮ ሊነሳ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሞረድ ከመነሳቱ በፊት ያለው ሥራ ከሞረዱ ሥራ ይበልጣል፤ ብዙ ሲሊንደር የተበላሸውም ይህ ሥራ ስለተዘለለ ነው።

መጀመሪያ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ 360 ዲግሪ የተከፈለ ክብ ሰሌዳ ይታሰራል፣ ከሽቦ የተሠራ ጠቋሚም ይቆምለታል። ቀጥሎ የፒስተኑ የላይኛ ጫፍ ይፈለጋል። በዓይን መገመት አይበቃም፤ ፒስተኑ ጫፉ አካባቢ ሲደርስ ክራንኩ ብዙ ዲግሪ ቢዞር እንኳ የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ነውና። ትክክለኛው ዘዴ በካንዴላው ቀዳዳ ማገጃ ብሎን ማስገባት፣ ክራንኩን በሁለቱም አቅጣጫ እስኪነካ በቀስታ ማዞር፣ የሁለቱን ንባብ መካከል መውሰድ ነው። ከዚያ ማገጃው ወጥቶ የጭስ መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ያለው ዲግሪ ይነበባል። ቀጭን የመለኪያ ቅጠል በመስኮቱ ጠርዝና በፒስተኑ መካከል መያዝ ሲጀምር ወይም ሲለቅ ሰዓቱ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ልኬት በወረቀት ይሠራል። ወረቀት በሲሊንደሩ ውስጥ ተጠቅልሎ ግድግዳውን እንዲነካ ይደረግና የመስኮቶቹ ጠርዝ በጣት ወይም በእርሳስ ይታሸበታል። ሲወጣና ሲዘረጋ የሲሊንደሩ ሙሉ ካርታ በጠረጴዛ ላይ ይተኛል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የተለካው ስፋት የተጠማዘዘው ግድግዳ ርዝመት እንጂ ቀጥታ ስፋቱ አይደለም። ዲያሜትሩ 64 ሚሊሜትር በሆነ ሲሊንደር ላይ፣ እንደ ያማሃ አርዲ 350 ማለት ነው፣ በወረቀት 44 ሚሊሜትር የሚለካ መስኮት ቀጥታ ስፋቱ 40.6 ነው። የመጀመሪያው ከዲያሜትሩ 69 በመቶ ይሆናል፣ ሁለተኛው 63። የፒስተኑ ቀለበት በመስኮቱ ውስጥ ጎብጦ እንዳይሰበር የሚያስጠነቅቁት የመቶኛ ደንቦች የሚቆጠሩት በቀጥታው ስፋት ነው።

የቁመቱን ነገር በቁጥር እንየው። የዚሁ ሞተር ምት 54 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው የቢየላው ርዝመት ከመሃል እስከ መሃል 110 ነው ብለን ብናሰላ፣ ከላይ 30.4 ሚሊሜትር ላይ የሚከፈት የጭስ መስኮት ለ180 ዲግሪ ክፍት ይሆናል። ጠርዙ ወደ 28 ቢነሳ 190 ይደርሳል። በ2.4 ሚሊሜትር ብረት የሞተሩ ጉልበት ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፤ ከታች ግን ይደክማል፣ ዳገትም ይከብደዋል። ጭስ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ መታመቅ ስለማይጀምር እውነተኛው የመታመቂያ ምት ያጥራል፤ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተቆርጦ ካልተካሰ ኪሳራው ይታያል። የጭስ ማውጫው ቧንቧ፣ ማርሚታው፣ ለአዲሱ ሰዓት ካልተሠራ ደግሞ ሞገዱ ያለ ሰዓቱ ይመለሳል። አንዱን መስኮት ብቻውን የሚያሳድግ ባለሙያ ሥራውን ጀምሮ ተወው እንጂ አልጨረሰውም።

ለዚህ ነው የማይመለሰውን ከማድረግ በፊት የሚመለሰውን መሞከር የሚያስፈልገው። በሲሊንደሩ ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን ቢገባ ሁሉም መስኮቶች እኩል ከፍ ይላሉ፤ ውጤቱ ካላማረ ጓርኒሲዮኑ ይወጣል። በፒስተን ጠርዝ በሚከፈት ማስገቢያ ላይ ግን ይህ ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ የመስኮቱ የታች ጠርዝም አብሮ ስለሚነሳ ፒስተኑ ዘግይቶ ይከፍተዋል። ማስገቢያውን ማራዘም የፈለገ ከሲሊንደሩ ይልቅ የፒስተኑን ጠርዝ በማስገቢያው በኩል ይቁረጥ፤ ፒስተን ይተካል።

መሞረድ ግድ ከሆነ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፣ የላይ ጠርዙም ቀስ ብሎ የሚታጠፍ እንጂ ቀጥ ያለ መስመር አይሁን፤ ቀለበቱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። ሥራው ሲያልቅ የጠርዙ ስለት በእጅ ይሰበራል፤ ስለቱ ያልተሰበረ መስኮት ቀለበት ይበላል። በክሮም የተለበጠ ሲሊንደር ከሆነ መሣሪያው ከውስጥ ወደ መስኮቱ እንዲሄድ እንጂ ሽፋኑን ወደ ውስጥ እንዳይገፈትረው ይጠንቀቁ።

እኔ ግን የአሮጌ ሞተርን መስኮት ከፍ ማድረግን በቀላሉ አልደግፍም። ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ሌላ ሥራ ነው፦ የሲሊንደሩ የውስጥ የብረት እጅጌና የአሉሚኒየሙ መተላለፊያ ያልገጠሙበትን ማስተካከል፣ የሁለት ሲሊንደር ሞተር መስኮቶችን ማመሳሰል፣ ጥቀርሻውን መጥረግ። ፋብሪካው በችኮላ ያለፈውን መጨረስ ነው፤ ሰዓቱን አይነካም፣ የሞተሩን ጠባይም አያጠፋም።

አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ ሁሉ፣ ሲሊንደሩ ለማንኛውም ጥገና በተከፈተ ቀን የወረቀት ካርታውን አንሱ፤ ዲግሪዎቹን፣ የተለካበትን ቀንና የጓርኒሲዮኑን ውፍረት በጠርዙ ላይ ጽፋችሁ ከሞተሩ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። ከእናንተ በኋላ የሚሠራበት ሰው የመጀመሪያውን ልክ የሚያገኘው ከዚያ ነው።