ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ኩንታል ጨው

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ ካለ አንድ ሆቴል ተደወለልኝ። «ቦይለሩ ናፍጣ ይበላል፣ እንፋሎት ግን የለም» ነው ያሉኝ። ስደርስ ላውንደሪው ቆሟል፤ አንሶላው ኮሪደር ላይ ተቆልሏል። ቦይለሩ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለጠፋ ቀዝቅዟል። የእጅ መግቢያውን ክዳን ፈታሁና በስልኬ መብራት አየሁት።

ቲዩብ የለም። አለ፣ ግን አይታይም። ብረቱ ሁሉ በነጭ ልስን ተለስኗል። ጫፉን በመፍቻ መታ መታ አድርጌ አንድ ቁራጭ አነሳሁና በካሊፐር ለካሁት፤ 4 ሚሊሜትር። አንድ ፊቱ የቲዩቡን ክብ ቅርጽ ይዞ ወጥቷል፤ ጎኑን ሲያዩት እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ከታች ወለሉ ላይ ደግሞ እጄን እስከ አንጓዬ የዋጠ ዝቃጭ።

ከዚያ ውሃውን ወደሚያለሰልሰው ዕቃ፣ ወደ ሶፍትነሩ ሄድኩ። የጨው በርሜሉን ስከፍት ሁለት መወልወያ፣ አንድ የተሰበረ መጥረጊያና የአንድ እግር ቦቲ ጫማ። ጨው የሚባል ነገር የለም። ከሶፍትነሩ መውጫ ትንሽ ውሃ ቀድቼ መመርመሪያውን ጠብ አደረግኩበት። ውሃው ለስላሳ ቢሆን ሰማያዊ ይሆን ነበር፤ የወይን ጠጅ መሰለ። ማለትም ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል እንደገባው ይወጣል።

ኦፕሬተሩን ጠየቅኩት። ጥሩ ልጅ ነው። «አቦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝም አላልኩም፤ ባለፈው ሳምንት አሲድ ጨምሬበታለሁ» አለኝ። የምን አሲድ? የመኪና ባትሪ አሲድ።

ይኼን ሰምቼ ቤቴ ስገባ ደግሞ እህቴ አንድ ቪዲዮ ልካልኛለች። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር በቢላ እየፋቀ «ይኼ ነው ኩላሊታችሁ ውስጥ የሚጋገረው» የሚል ሰውዬ። መጨረሻው ላይ ማጣሪያ ይሸጣል። እንግዲህ ዛሬ አልተኛም፤ በቁጥር ልጻፍላችሁ።

1. ነጩ ነገር ጨው አይደለም። ሰዉ ጨው ይለዋል፤ እኛ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ሳለ ሃርድነስ፣ ሲጋገር ደግሞ ስኬል እንለዋለን። ጨው ቢሆን ውሃ ሲነካው ይሟሟ ነበር፤ ይኼን ግን አሥር ጊዜ እጠቡት፣ ንቅንቅ አይልም። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም የኖራ ድንጋይ። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በኖራ ድንጋይ ሲያልፍ ድንጋዩን ያሟሟዋል። ድሬዳዋና አካባቢዋ ደግሞ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ሰዉ ድንጋዩን እየፈጨ ሲሚንቶ ያደርገዋል፣ ውሃው እያሟሟ ቧንቧችን ውስጥ ይከተዋል።

ታዲያ የሟሟው ድንጋይ መቼ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል? ጋዙ ሲያመልጥ። ባሌ፣ የዌይብ ወንዝ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ የፈለፈለበትን ሶፍ ዑመርን አስቡ። ወንዙ ያንን ሁሉ የሠራው ድንጋይ እያነሳ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዋሻ ጣሪያ ላይ ጠብ የሚለው ውሃ ደግሞ ጋዙን ለአየር ይለቅና ድንጋዩን መልሶ ያስቀምጣል፤ በሺህ ዓመታት ጡት ጡት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። ማንቆርቆሪያችሁ ያንኑ ሥራ በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል፣ እሳት ስላለው። ሌላው የማይታወቅ ነገር፣ ስኳርም ሆነ አብዛኛው ጨው ውሃ ሲሞቅ የበለጠ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን ተቃራኒ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟት ይጠላል። ስለዚህ የሚለጠፈው በጣም የሞቀው ቦታ ላይ ነው፤ ማሞቂያ ኮይሉ ላይ፣ ቲዩቡ ላይ። እኛ ከሁሉ በላይ ንጹሕ እንዲሆን የምንፈልገው ቦታ ላይ።

2. ኩላሊት። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ነው እንጂ ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም። ጠጠሩ የሚሠራው ሰውነታችሁ ውስጥ ሽንት ሲወፍር ነው፤ ለዚህ ትልቁ ምክንያት ውሃ አለመጠጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሃርድነስ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ይኼን ቪዲዮ አይቶ በድሬ ሙቀት ውሃ መጠጣት የቀነሰ ሰው ካለ፣ ሰውዬው ጠጠሩን በእጁ ሰጠው ማለት ነው። ማንቆርቆሪያችሁን በአቼቶ ወይም በሎሚ አፍሉት፣ አረፋ እየሰጠ ይለቃል፣ እጠቡት፣ አለቀ። ብቻ በምንም ተአምር አቼቶን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ዝግ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይገድላል።

(ስምጥ ሸለቆ ላላችሁ፦ የእናንተ ችግር በብዛት ሌላ ነው፣ ፍሎራይድ ነው። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ሆኖ አይታያችሁም፣ ልጆቻችሁ ጥርስ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ይበዛል። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቪዲዮ ሠሪው ስለዚህኛው አንድ ቃል አልተነፈሰም።)

3. የባትሪ አሲድ። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ላይ ስታፈሱት መጀመሪያ ይፈላል፣ ይጮኻል፣ ሰውዬው «ሠራ!» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ያለቀ ይመስላል። ያልቃል እንዴ! አሲዱ ከካልሲየሙ ጋር ሆኖ ጂፕሰም ሠራ። ጂፕሰም ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ በቀረው ቅርፊት ላይ እንደ ልስን ይለጠፍና አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይዘጋዋል። ማለትም ስኬሉን ሊያስለቅቅ የተነሳው ሰው ላዩን በሌላ ስኬል ሸፍኖት ሄደ። የቀረው አሲድ ቅርፊት የሌለበትን ባዶ ብረት ፈልጎ ይበላል፤ ብረት ሲበላ ሃይድሮጅን ይለቃል። ሃይድሮጅን በተጠራቀመበት ቦይለር አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ኦፕሬተር አይቻለሁ። እግዜር ነው ያወጣው።

የቦይለር ስኬል በአሲድ ይታጠባል፣ አዎ። በሃይድሮክሎሪክ ወይም በሰልፋሚክ አሲድ፣ ብረቱን ከመበላት የሚጠብቅ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ መጠኑ እየተለካ፣ መጨረሻ ላይ በሶዳ ተገድሎ፣ በብዙ ውሃ ታጥቦ። በጆግ አይደለም።

አሁን ጥያቄው ይኼ ልጅ ለምን የባትሪ አሲድ ገዛ የሚለው ነው። አላዋቂ ስለሆነ? አይደለም። ጨው ጠይቆ ነበር። ደብዳቤውን አሳይቶኛል። ከፋይናንስ የመጣው መልስ፣ ጨው ቋሚ ግብዓት ስለሆነ በሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ የሚል ነው። የባትሪ አሲድ ግን በጥቃቅን ወጪ ይገዛል፤ ሹፌሩ ሄዶ በደረሰኝ ያመጣዋል። ሥራ አስኪያጁን ዛሬ ሳነጋግረው ምን አለኝ? «ጨው? ለቦይለር? ሊቀቀል ነው እንዴ?» አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራሁለት። የውሃው ሃርድነስ ከ300 በላይ ነው፤ እንዲቀል በሊትር 300 ሚሊግራም እንበል። ቦይለሩ በቀን 2 ሜትር ኩብ አዲስ ውሃ ይጠጣል። 2 ሺህ ሊትር በ300 ሚሊግራም፣ 600 ግራም ድንጋይ በቀን። በወር 18 ኪሎ። ከፊሉ በብሎው ዳውን፣ ማለትም ከታች ሲፈስ፣ ይወጣል፣ ያውም ኦፕሬተሩ ከከፈተው። የቀረው ቲዩብ ላይ ይጋገራል። ሶፍትነሩ ውስጥ 50 ሊትር ሬዚን አለ፤ በአንድ እጥበት ለአንድ ሊትር ሬዚን ከ100 እስከ 160 ግራም ጨው ብትሰጡት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። የጨው ነገር ይኼው ነው! ሬዚኑ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል፤ ሲጠግብ በጨው ውሃ ታጥቦ እንደገና ይሠራል። ጨው የማያገኝ ሶፍትነር ማለት ውድ ቧንቧ ማለት ነው።

ጨው ደግሞ የጠፋ ነገር ቢሆን እሺ። አፍዴራ እዚሁ አፋር ነው፤ የሐይቁን ውሃ በገንዳ ዘርግተው ፀሐይ ሲያተነው ጨው ይቀራል። ቅርፊት የሚከላከልልን ነገር ራሱ ቅርፊት ሆኖ ነው የሚመረተው። እኛ ግን ፊርማ እንጠብቃለን።

እንዲህ ዓይነት ነገር የአንድ ሆቴል ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። ሆስፒታልም አይቻለሁ፣ ፋብሪካም አይቻለሁ። ቦይለር በጨረታ ይገዛል፤ ዋጋ ሲበዛ መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚሰረዘው ሶፍትነሩ ነው፣ «ተጨማሪ ዕቃ» ተብሎ። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ የእሳት ማጥፊያውን ቀን ያነባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይፈርማል። እኔ ራሴ ኮሌጅ ስማር ቦይለር ያየሁት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። ውስጡን በእጄ የነካሁት ተመርቄ ሁለት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው፤ እሱም ፈንድቶ ሲከፈት።

4. ለምን ይፈነዳል? አንደኛ፣ ስኬል ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ብረቱ ከእሱ ከሃያ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። በ7 ባር ግፊት ውሃው 170 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በእሳቱ በኩል ያለው ነበልባል ከ1000 ያልፋል። ቲዩቡ በሕይወት የሚኖረው ውሃው ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚወስድለት ብቻ ነው። መሃል ላይ 4 ሚሊሜትር ድንጋይ ስታስገቡ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ያብጣል። ናፍጣ የበላው ለዚህ ነው። በእሳቱ በኩል ጥላሸት ደግሞ ሲደረብበት ተውት።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ ያስደነገጠኝ የውሃውን ልክ የሚያሳየው መስታወት፣ ጌጅ ግላሱ ነው። የታችኛው መገናኛው በዝቃጭ ጠቧል። በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ ውሃ ይታያል፤ ዛሬ አፍስሼ ሳጠራው ሌላ ታሪክ ሆነ። ኦፕሬተሩ ውሃ አለ ብሎ እየተማመነ ባዶ ቲዩብ ሊያነድ ይችል ነበር። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት... አልጨርሰውም። ጌጅ ግላሳችሁን በየሺፍቱ አፍስሱ። በየሺፍቱ።

ማግኔት ቧንቧ ላይ እሰሩ ለሚሏችሁ፦ በእንፋሎት ቦይለር ላይ ሶፍትነርን ተክቶ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እዚህ ሆቴልም ታስሯል። ከሥሩ ያለውን ቧንቧ ቆርጬ ያየሁት ቀዳዳ እርሳስ አያስገባም።

ቅርፊት ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ይኼንንም የሚያጣምሙት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 ላንግሊየር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ውሃ ቅርፊት ይሠራል ወይስ ይበላል የሚለውን የሚያሳይ ስሌት ያወጣው፣ ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ለማግኘት ነው። አሜሪካ ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጩን ቀይረው ዝገት መከላከያውን ሳይጨምሩ ሲቀሩ፣ አሮጌው የእርሳስ (ሌድ) ቧንቧ ውስጥ የነበረው መከላከያ ቅርፊት ተነሳ፣ እርሳሱን ሕፃናት ጠጡት። ስለዚህ ውሃን እስከ መጨረሻው አለስልሶ በከተማ ቧንቧ መልቀቅም ጥፋት ነው። የሚለሰልሰው ወደ ቦይለሩ የሚገባው ነው። በእጃችሁ የያዛችሁት ቧንቧ ላይ የሚያብረቀርቀው ክሮምስ? እሱም ከፈሳሽ ወጥቶ ብረት ላይ የተለጠፈ ቅርፊት ነው፤ ልዩነቱ ውፍረቱን የሚለካ ሰው ቆሞበታል።

ቦይለሩን ዘግቼ ቀይ ካርድ ለጥፌበታለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ሠርግ አለብን» ብሏል፤ እኔ ደግሞ አልፈርምም ብያለሁ። አንሶላውን ውጭ ይጠቡት።

ፕሮፎርማው እስካሁን ሁለት ደርሷል። ሦስተኛው ሱቅ በምሳ ሰዓት ዘግቶ እስከ 10 ሰዓት አይከፍትም ተባለ፤ በ10 ሰዓት ስንደውል ደግሞ ማህተሙን የያዘው ሰውዬ ሐረር ሄዷል።