የአክሱም ብር የሮም ቅጂ ነበርን?

በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቅዳሴ መልስ በሚደረግ ጭውውት የአክሱም ጥንታዊ ገንዘብ በተነሣ ቊጥር፣ «ነገሩ ሁሉ ከሮም የተቀዳ ነው» የሚል ቃል ከተማረውም ካልተማረውም አፍ ይሰማል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ በስሙ ገንዘብ ያስቀረጸው የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ የወርቁን ሚዛን ከሮም ወርቅ እኩሌታ ጋር አስተካክሎ፣ ጽሑፉንም በአዱሊስ ወደብ የሚመላለሱት ነጋድያን በሚያነቡት በጽርእ ቋንቋ አድርጎታልና።

ነገር ግን ብሩን አንሥቶ አገላብጦ የሚመለከት ሰው ፍርዱን ይለውጣል። የሮም ዲናር በአንድ ፊቱ የቄሣሩን ራስ፣ በሌላው ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአማልክቱ አንዱን ወይም ባለ ክንፏን የድል አምላክ ሲያሳይ፣ በእንዱቢስ ብር ላይ በሁለቱም ገጽ የሚታየው ራሱ ንጉሡ ነው፤ ከራሱም በላይ ጨረቃና ክብ ፀሐይ ተቀርጸዋል። ከእርሱ በኋላ በነገሡት በአንዳንዶቹ ብር ላይ ደግሞ፣ ጠቅላላው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ስፍራ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጧል፤ ይህንን ጥበብ አክሱም ከሮም አልተማረችም። የእንዱቢስም ዘመን የሮም ብር የተዋረደበት ነበር፤ ቄሣሮቹ ለጭፍራው ደመወዝ ሲሉ መዳብ እየቀላቀሉበት፣ ከመቶው አምስት እጅ እንኳ ብር የማይገኝበት፣ ላዩ ብቻ የነጣ መዳብ ሆኖ ሳለ፣ አክሱም እውነተኛ ብር ታስቀርጽ ነበር።

ጨረቃዋን አይተው ገንዘቡን ከእስልምና በኋላ የመጣ የሚያደርጉም አሉ። ምልክቱ ግን ነቢዩ መሐመድ ከመወለዳቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ የተቀረጸ፣ በደቡብ ዓረብም የታወቀ የጥንት አምልኮ ምልክት ነው። ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በስፍራዋ መስቀል ገባ፤ በታላቁ ቈስጠንጢኖስ ገንዘብ ላይ የክርስትና ምልክት ጥቂትና ትንሽ ሆኖ ሲታይ፣ በአክሱም ግን መስቀሉ የገንዘቡን መካከል እስከ መያዝ ደረሰ፤ ኋላም ንጉሥ መሐድይስ በመስቀል ድል እንደሚነሣ በግእዝ አስጻፈበት።

እንግዲህ በአባቶቹ ሣጥን ወይም በእርሻው መካከል እንዲህ ያለ ብር የሚያገኝ ሰው፣ ፍትጊያ ስሱን ወርቅ ይገፈዋልና በአመድና በሎሚ አይፈትገው፤ ለነጋዴም አይሽጠው፤ እንዳለ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰደው።