ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ እንዴት እንተኛ?

ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ሌሊቱን ነው። ቀኑን ጠያቂው፣ ጨዋታውና ቴሌቪዥኑ ያሳልፉታል። ሌሊት ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ እሱ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጠ ያድራል። ቢገላበጥ ያመዋል፤ ባይገላበጥ ወገቡ ይደርቃል፤ ሽንቱ ሲመጣ ደግሞ መነሳቱ ጭንቅ ነው። ትርፍ አንጀቱን ያስወጣም፣ የሐሞት ጠጠር የነበረበትም፣ በኦፕራሲዮን የወለደችም የሚያወሩት ይቀራረባል።

ደግነቱ የሌሊቱን ሕመም አብዛኛውን የሚቀሰቅሱት አነሳሳችን፣ አገላበጣችን፣ ማስታገሻ የምንወስድበት ሰዓትና የቀን ውሏችን ናቸው። እነዚህን ለማስተካከል ልዩ አልጋ አያስፈልግም። ሦስት አራት ትራስ፣ አንድ ጋቢና የሚያግዝ ሰው ካለ ይበቃል።

ሌሊቱ የሚከብደው ለምንድን ነው?

የሆድ ጡንቻ የማይገባበት እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል። ቀና ስንል፣ ስንዞር፣ ስንስል፣ ስንስቅ፣ ሽንት ቤት ተቀምጠን ስናምጥ ይኮማተራል፤ በተኮማተረ ቁጥርም ስፌቱን ይጎትተዋል። ላይኛው ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ገጥሞ ክሩ ይወጣል። ከሥሩ ያለው፣ ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ሽፋን ግን ወደ ቀድሞ ጥንካሬው ለመጠጋት ወራት ይፈጅበታል። ውጪው የዳነ መስሎ ውስጡ የሚያመው ለዚህ ነው።

እንቅልፉ ራሱም ይዛባል። ማደንዘዣ ራስን ያስታል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። ከከባድ ኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሌሊቶች ጥልቁ እንቅልፍና ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ይቀንሳሉ። ሰውነት በጉዳቱ ምክንያት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖችም፣ ጠንካራ ማስታገሻዎችም ለዚህ ድርሻ አላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጎደለው የሕልም እንቅልፍ ተጠራቅሞ ይመጣና ታካሚው ሲቃዥ ያድራል። ይህን እንደ መጥፎ ምልክት ቆጥሮ የሚሰጋ ብዙ ነው፤ በራሱ ጊዜ ስለሚረግብ ሊያስጨንቅ አይገባም። ነቅቶ ሳለ ሰው የማይለይ ወይም የሚዘባርቅ አረጋዊ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር።

የሚሻለው አተኛኘት

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአብዛኛው ሰው የሚመቸው በጀርባ መተኛት ነው፤ ደረትና ራስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብለው፣ ጉልበት ደግሞ በመጠኑ ታጥፎ። እንዲህ ሲሆን የሆድ ጡንቻ ይላላል፣ በስፌቱ ላይ ያለው ውጥረትም ይቀንሳል።

ብዙ ቤት የሚሠራው ስህተት ትራሱን ሁሉ ከአንገት ሥር መደርደር ነው። ያኔ አንገት ይቀጫል፣ ሆድም መሐል ላይ ይታጠፋል። ከፍታው ከወገብ መጀመር አለበት። ብርድ ልብስ አጥፈው ከጀርባ ሥር ያንጥፉ፤ ትራሶቹን በላዩ ላይ ወደ ራስ እየጨመሩ ይደርድሩ። ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይግባ። ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። እግር ለረጅም ጊዜ ከታጠፈና ካልተንቀሳቀሰ ደም በባት ውስጥ ሊረጋ ይችላል።

ሕመሙ ጋብ ሲል በጎን መተኛት ይቻላል። አንድ ትራስ በጉልበቶች መካከል ይግባ፤ ሌላውን ሆድዎ ላይ አስጠግተው ይቀፉት። ሆድ ወደ ፍራሹ ተንጠልጥሎ ስፌቱን እንዳይስብ የሚያደርገው ይህ ትራስ ነው። ቁስሉ በአንድ ወገን ከሆነ በሌላው ጎን መተኛት ይቀላል። በሆድ መደፋት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው።

መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ መተኛት በራሱ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ ከዚያ መነሳት ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለታካሚው አልጋ ይለቀቅለት፤ ካልተቻለ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ይደራረብ። ሲቀመጡ እግር መሬት የሚረግጥበት ከፍታ ጥሩ ነው።

ዋናው ነገር፦ አነሳስ

ጤነኛ ሰው ከአልጋ የሚነሳው ከወገቡ ቀጥ ብሎ ነው። ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ይህን ያህል የሚያሳምም እንቅስቃሴ ጥቂት ነው። ሁለት እጅ ይዞ መጎተትም ያው ነው፤ አስታማሚ በቅንነት ያደርገዋል፣ ታካሚው ግን ይጮኻል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

በጀርባዎ እንደተኙ ሁለቱንም ጉልበት አጥፈው የእግርዎን መዳፍ ፍራሹ ላይ ይትከሉ። ትከሻዎን፣ ዳሌዎንና ጉልበትዎን አንድ ላይ አድርገው እንደ ግንድ ተንከባለው ወደ አልጋው ጠርዝ በጎንዎ ይዙሩ፤ ወገብ እንዳይጠማዘዝ። ቀጥለው እግሮችዎን ከአልጋው እያወረዱ፣ በታችኛው ክርንና በላይኛው መዳፍ ፍራሹን ገፍተው ቀና ይበሉ። ሥራውን የሚሠራው ክንድዎ ነው፤ ሆድዎ ያርፋል። ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ሲነሱ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ጠርዙ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀመጡ፤ ራስዎን ካላዞረዎት ይቁሙ። ሲተኙም በዚሁ መንገድ ወደኋላ ይመለሱ፤ መጀመሪያ በክርን፣ ቀጥሎ በጎን፣ መጨረሻ በጀርባ።

አስታማሚው ማገዝ ከፈለገ አንድ እጁን ከታካሚው ትከሻ ሥር፣ ሌላውን ጉልበቱ ላይ ያድርግ። ሽንት ቤቱ ውጪ ከሆነ ወይም ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ለሌሊት ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይዘጋጅ። ውኃ፣ መድኃኒትና ስልክ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ሌሊት ተንጠራርቶ ወይም ተጠማዝዞ ዕቃ መፈለግ ስፌት ይነካል።

ሳል ሲመጣ ትራሱን ቁስሉ ላይ በሁለት እጅ ጫን አድርገው ይሳሉ። ሕመሙን ፈርቶ ሳልን ማፈን አይገባም፤ አክታ ሳንባ ውስጥ ከተጠራቀመ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ማስታገሻው በሰዓቱ

ፓራሲታሞል የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ነው። ማታ 12 ሰዓት የተዋጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ኃይሉ አልቋል፤ ብዙ ሰው የሚነቃውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን የመጨረሻ መጠን ከመተኛትዎ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው እንዲወስዱ የቀኑን ሰዓት ያደላድሉ። ሕመሙ እስኪበረታ መጠበቅ መድኃኒት መቆጠብ አይደለም፤ የበረታ ሕመም ለማብረድ ያስቸግራል።

ጤነኛ ጉበት ያለው አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ፓራሲታሞል፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብረው ይቆጠሩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ምግብ ከተበላ በኋላ ይወሰዳሉ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ትራማዶል እንቅልፍ ያመጣል፣ ሆድም ያደርቃል። ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ከተወሰደ ትንፋሽን እስከማዳከም ይደርሳል። ከጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን ተውሶ መዋጥ አይሞከርም።

በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ትከሻው ላይ ሕመም ሊሰማው ይችላል። ሆድ እንዲነፋ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ (ድያፍራም) ስለሚቆጠቁጠው ሕመሙ በነርቭ በኩል ትከሻ ላይ ይሰማል። በጥቂት ቀናት ያልፋል፤ መንቀሳቀስም ያግዘዋል።

ሌሊቱን የሚሠራው ቀኑ ነው

ሙሉ ቀን ተኝቶ የዋለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አያገኝም። ቀስ ብሎ በግቢው ውስጥ በቀን ደጋግሞ መራመድ የተጠራቀመ ጋዝ ያስወጣል፣ አንጀት ያነቃቃል፣ የደም መርጋትንም ይከላከላል። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይሁን።

እራት ቀለል ብሎ ከመኝታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ይበል። ባቄላ፣ ሽምብራና ጥቅል ጎመን ሆድ የሚነፉበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳቸው። የምግብ ገደብ ያልተሰጠው ታካሚ ውኃ፣ ፓፓያና አትክልት ቢያዘወትር ከሆድ ድርቀት ይድናል፤ ማማጥ ስፌትን የሚጎትት ነገር ነው።

ጠያቂ መልካም ነው፤ ቤቱን ሞልቶ ሲያመሽ ግን ታካሚውን ያደክማል። አንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ፍራሹ ይሰምጥና ቁስሉ ይሳባል። ሌላው ሲያስቀው ሆዱን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲዘልቅ ታካሚውም አብሮ ይጠጣል። የቡናው ካፌይን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ በደም ውስጥ ስለሚኖር፣ ለታካሚው ቡና ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ይቅርበት። ጠያቂውን በትሕትና ወንበር ላይ ማስቀመጥና በጊዜ መሸኘት የአስታማሚ ሥራ ነው፤ ታካሚው ራሱ ሊለው አይችልም።

ከባድ ማንሳትም ሌሊት ሕመም ሆኖ ይመለሳል። የተለመደው ምክር ለ6 ሳምንት ያህል ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ አለማንሳት ነው። ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሕፃን ልጅ መታቀፍ ሲፈልጉ ቁጭ ይበሉና ሌላ ሰው ያቀብልዎ።

በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት

ሌሊት በጎን ተኝቶ ማጥባት መነሳትን ይቀንሳል። ተቀምጣ የምታጠባ ከሆነ የሕፃኑን እግር በብብቷ ሥር ወደኋላ አድርጋ በትራስ ላይ ብታስተኛው ቁስሏን አይረግጥባትም። መቀነት ወይም የሆድ መደገፊያ ስትራመድ ሊያግዛት ይችላል፤ ትንፋሽ እስኪያጥር አይጥበቅ፣ ስትተኛም ይላላ። ትራማዶል ወይም ኮዴይን ከታዘዘላት እያጠባች መሆኗን ለሐኪሙ ትንገር፤ መድኃኒቱ በጡት በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል። በጀርባ ማደንዘዣ የተወጋች ሴት ቀና ስትል የሚብስ፣ ስትተኛ የሚሻላት ከባድ ራስ ምታት ካላት ምች ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ከመርፌው ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታሏ ትመለስ።

ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋር የሚያስኬድ

ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲያወጣ ወይም ሲከፈት፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ሲልና ማስመለስ ሲጨመርበት፣ ማስታገሻ ተወስዶም ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ፣ ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት ሲፈስ አይጠበቅም። የአንድ እግር ባት ሲያብጥና ሲያም፣ ትንፋሽ ድንገት ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋም እንዲሁ፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ኦፕራሲዮን ያደረገዎት ሐኪም ከዚህ የተለየ መመሪያ ከሰጠዎት የእሱን ይከተሉ፤ ሆድዎን ያየው እሱ ነው። የቀረውን ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። በጎን ዞሮ መነሳቱን ገና በቀን ብርሃን፣ አስታማሚዎ አጠገብዎ ቆሞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመዱት፤ ሌሊት በጨለማ ሽንት ሲያጣድፍ ለመማር አይመችም።