የልጆቻችን ስም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። መልአክ ያወጣውን ስም በመዝገብ የሚያሰፍረው ግን ሰው ነው፤ ሰውም ሲቸኩል ፊደል ይገድፋል፤ ሲደክመው የሰማውን ትቶ የመሰለውን ይጽፋል። በትምህርት ቤት መዝገብ የሚገባ ስም ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ልጁ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወርበት፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥበት፣ አድጎም ሥራ ሲፈልግ የሚያቀርበው ምስክር ወረቀት የሚወጣበት ስም ይኸው ነው። ስለዚህ የተማሪዎች ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በሚሻገርበት በዚህ ጊዜ፣ ነገሩ የትምህርት ቤት ጸሓፊዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የየቤተ ሰቡም ጉዳይ መሆኑን ለተወደዱ አንባቢዎቻችን ለማስታወስ ወደድን።

በመጀመሪያ በወረቀት ሲሠራበት የኖረውን አሠራር እንመልከት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወላጅ ልጁን በአንድ እጁ፣ ያለፈውን ዓመት ካርድና ጉርድ ፎቶግራፉን በሌላው እጁ ይዞ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሰለፋል። ጸሓፊው ስሙን ከወላጁ አፍ ሰምቶ በመመዝገቢያው ቅጽ ይጽፋል። ከቅጹ ወደ ትልቁ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ስም መጥሪያው፣ ከስም መጥሪያው ወደ ሮስተሩ፣ ከሮስተሩም ወደ ካርዱ ይገለበጣል። እንግዲህ አንድ ስም በአንድ ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ በእጅ ይጻፋል ማለት ነው፤ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ይህ 300 ጊዜ ይሆናል። እያንዳንዱም መገልበጥ ለስሕተት አንድ በር ይከፍታል። በመምህርነት ሥራችን እንዳየነው፣ በስም መጥሪያው «ታደሰ» ሲባል የከረመው ልጅ በካርዱ «ታደለ» ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህም ላይ መዝገቡ አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዝናብ ቢያገኘው ወይም ምስጥ ቢበላው የብዙ ልጆች የትምህርት ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ኮምፒዩተሩ ከዚህ ድካም የሚያሳርፍ መሣሪያ ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ስም መጥሪያውም፣ ሮስተሩም፣ ካርዱም ከዚያው ከአንዱ ጽሑፍ ይወጣሉ፤ ሁለተኛ የሚገለብጥ እጅ አያስፈልግም። ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ማስረጃውን ማዘጋጀት የብዙ ቀን ሥራ መሆኑ ይቀራል፤ የተማሪዎቹን ቁጥር ለወረዳው ማስታወቅም መዝገብ እያገላበጡ መቍጠርን አይጠይቅም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በበይነ መረብ መሰጠቱ፣ ልጆቻችን በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ ያሳያል። መንገዱን መጥላት አይጠቅመንም፤ አካሄዱን ማወቅ እንጂ።

ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጻፈው ትክክለኛ ስም በሁሉ ቦታ እንደሚደርስ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈው ስሕተትም በሁሉ ቦታ ይደርሳል። በወረቀቱ አሠራር መምህሩ ልጁን በመልኩ ስለሚያውቀው «ይህስ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ የተዛባውን ያቃናዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ልጁንም አባቱንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የተሰጠውን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ዘመን በዓመቱ ሁሉ ተከፋፍሎ የነበረው ጥንቃቄ፣ አሁን ተሰብስቦ በምዝገባው ቀን ላይ ይወድቃል። በዚያ ቀን ከጸሓፊው አጠገብ የሚገኘው ደግሞ ወላጅ ነው።

እስኪ የፊደላችንን ነገር እንውሰድ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው፤ ስለዚህ ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በጆሯችን አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብንመለከት፣ የመጀመሪያው ፊደል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ ሁለተኛው ደግሞ በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱን በስድስቱ ብናባዛ 12 ዐይነት አጻጻፍ ይወጣል። ፊደላቱን አመሳስሎ እንዲፈልግ አስቀድሞ ካልተሰናዳ በቀር፣ በአንዱ የተመዘገበችውን ልጅ በሌላው የሚፈልጋት ሰው «የለችም» የሚል መልስ ያገኛል። ልጅቱ ግን በክፍሏ ተቀምጣ ትማራለች!

ከዚህ የሚብሰው የጥንድ ስም ጉዳይ ነው። በክርስቲያን ቤተ ሰብ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም የሚሉት ስሞች የተለመዱ ናቸው። የኮምፒዩተሩ ቅጽ የተማሪውን ስም፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም በሦስት ሣጥን ለይቶ ይጠይቃል። ጸሓፊው «ኃይለ ሚካኤል ታደሰ ወልዴ» ሲባል ሰምቶ በመጀመሪያው ሣጥን «ኃይለ»፣ በሁለተኛው «ሚካኤል»፣ በሦስተኛው «ታደሰ» ብሎ ቢያሰፍር፣ የልጁ አባት ሚካኤል፣ አያቱ ታደሰ ሆነው ይቀራሉ፤ ወልዴም ከዘር ሐረጉ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ አባቱ አቶ ታደሰ የልጃቸውን ማስረጃ ሊቀበሉ ቢሄዱ፣ አባትነታቸውን በምስክር እንዲያስረዱ ይጠየቁ ይሆናል። ስለዚህ ጥንዱ ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሳይነጣጠል መግባቱን ወላጁ በዐይኑ ማየት ይገባዋል። ተያይዞ ወይም ተለያይቶ የሚጻፍ መሆኑም በአንድ መንገድ ይወሰን፤ ኮምፒዩተሩ ክፍተቱንም እንደ ፊደል ይቈጥረዋልና።

ልጁ የዓለም ስምና የክርስትና ስም ያለው እንደ ሆነ፣ ለትምህርት ቤት የሚሰጠው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። የክርስትና ስሙ ክብሩ በቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንዱን ዓመት በዚህ፣ ሌላውን ዓመት በዚያ ማስመዝገብ ግን አንዱን ልጅ ሁለት ሰው ያደርገዋል። በቤት ውስጥ የሚጠራበት የቍልምጫ ስምም እንዲሁ በቤቱ ይቅር።

ስሙ በላቲን ፊደልም የሚጻፍ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። አንድ አባት ሦስት ልጆች ቢኖሩትና የአባት ስማቸው በሦስት ዐይነት የላቲን አጻጻፍ ቢመዘገብ፣ በወረቀቱ ዘንድ የሦስት አባት ልጆች ይመስላሉ። በውጭ አገር ለትምህርት የሚያመለክት ወይም ወደ ዘመዶቹ የሚሄድ ልጅ፣ ይህን ያህል የፊደል ልዩነት ለማስረዳት ብዙ ደጅ ይጠናል። ከልጆቹ አንዱ ፓስፖርት ያለው ወይም በዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠውን ፋይዳ ያወጣ ቢሆን፣ በዚያ ላይ ያለው አጻጻፍ ትክክል መሆኑ ተረጋግጦ ለሁሉም ይያዝ።

ከስም ቀጥሎ የልደት ቀን ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም፣ ድንጋጌው በሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዘመን አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለብዙ ሰው የልደት ማስረጃ ሆኖ ያገለገለው የክርስትና ምስክር ወረቀት ወይም የወላጅ ቃል ነበረ። የወሳኝ ኵነቶች ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጥቶ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዐዋጁ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ፣ ወላጆች ከክርስትናው ጋር የመዝገቡን ሥራ ቢያስቡት ሁለቱም በጊዜው ይፈጸማል።

ቀኑን ከእኛ አቈጣጠር ወደ አውሮፓውያን ሲያዞሩ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። «በዓመቱ ላይ ስምንት መደመር ነው» የሚለው የገበያ ስሌት ሁልጊዜ አይሠራም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ ዲሴምበር 29 ቀን 2017 ሲሆን፣ ከእርሱ በ15 ቀን የሚያንሰው፣ ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደው፣ ጃንዩዌሪ 13 ቀን 2018 ይሆናል። ለመጀመሪያው ሰባት፣ ለሁለተኛው ስምንት ተደመረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዐሥራ ሦስተኛው ወራችን አለ። ጳጕሜን 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የተወለደች ልጅ ልደቷ በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2016 ነው። ቅጹ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ከሆነና ጸሓፊው «ይቀርባል» ብሎ መስከረም 1 ቀን ቢጽፍ ግን፣ የልደት ዘመኗ 2009 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዕድሜን በዓመት ብቻ በሚቈጥር ትምህርት ቤትም አንድ ዓመት ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ወላጅ ቅጹ የየትኛውን አቈጣጠር እንደሚጠይቅ፣ ቀን ወይስ ወር እንደሚቀድምበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

እስካሁን የተናገርነው ለወላጆች ነው፤ ለትምህርት ቤቶችም ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። መጽሐፍ በብራና ሲገለበጥ የጸሓፊው ሥራ የሚያበቃው ቅጂው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ሲታረም ነው። መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥም አንዱ ሲያነብ ሌላው ይመልከት፤ ከዚያም የተጻፈው ታትሞ ወላጁ ያንብበው፤ ማንበብ የማይችልም ቢሆን ይነበብለትና ይፈርም። አዲሱ አሠራር እስኪጸና ድረስ ቢያንስ አንድ ዓመት ወረቀቱና ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ። የኮምፒዩተሩም መዝገብ በሁለት የተለያየ ቦታ ቅጂው ይቀመጥ፤ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ ከምስጡ ምን ተሻለ? አሮጌው መዝገብም ወደ እሳት ወይም ወደ ሱቅ መጠቅለያ አይሂድ፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክሩ እርሱ ነውና።

ሌላው ታላቅ ነገር የድኻው ወላጅ ጉዳይ ነው። «ምዝገባው በስልክ ነው» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ለአንዳንዱ ቤት ምቾት ሲሆን፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ለሌለው ቤት በር መዝጋት ነው። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት፣ ጕልት ቸርችራ የምታድር እናት፣ መብራት ከማይደርስበት ቀበሌ የሚመጣ ገበሬ ልጃቸውን ለማስመዝገብ ለሌላ ሰው ገንዘብ መክፈል አይገባቸውም። ትምህርት ቤቱ የወረቀቱን ቅጽ ተቀብሎ በራሱ ጸሓፊ ያስገባላቸው። መብራት ወይም ኔትዎርክ በጠፋ ቀን የመጣም «ነገ ተመለስ» ከሚባል በወረቀት ይመዝገብ። ኮምፒዩተሩ ለልጁ ተሠራ እንጂ ልጁ ለኮምፒዩተሩ አልተሠራምና።

እንደዚሁም ምስጢር መጠበቅ ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ የልጁ ፎቶግራፍ፣ የሚኖርበት ሰፈር፣ የወላጁ ስልክ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕመሙ ይጻፋል። ይህ በማያውቁት ሰው እጅ ሲገባ ለልጁ ደኅንነት የሚያሠጋ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለውን መረጃ የሚሰበስቡና የሚይዙ ሰዎች ኀላፊነት እንዲኖርባቸው ነው። ወላጅም በበኩሉ በኢንተርኔት ቤት ቅጽ ሲሞላ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ትቶ አይውጣ፤ የይለፍ ቃሉን ለአስመዝጋቢው አደራ አይስጥ፤ የልጁን ካርድም በቴሌግራም ለብዙ ሰው አይበትን። ለምን እንደሚፈለግ ያልገባውን ጥያቄ «ይህ ለምን ያገለግላል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የምዝገባው ወራት ከመድረሱ በፊት አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ተሰብሰቡ። የየልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ያለፈውን ዓመት ካርድ አውጥታችሁ አመሳክሩ። የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በአማርኛም በላቲንም፣ የልደቱንም ቀን በሁለቱም አቈጣጠር በአንድ ንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ልዩነት ካገኛችሁም ልጁ ለብሔራዊ ፈተና ሳይደርስ በጊዜው እንዲታረም አመልክቱ። ያን ወረቀት ይዞ የሚሄድ ወላጅ ለጸሓፊው በቃል አይነግርም፤ ያሳየዋል። ልጆቹም ማንበብ የቻሉ ከሆነ ስማቸውን ራሳቸው ይጻፉት፤ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም በትክክል ጽፎ ማወቅ ለእነርሱም የመጀመሪያው ትምህርት ነውና።